አንደኛዋ ታፏጫለች

ሠላሳ አንድ ዓመት ናፍጣ ሸትቼ፣
ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት፣ ከአጣዬ ማሾ ጭኜ አምጥቼ፣
ጣርማ በርን በአንደኛ ማርሽ እየተማጠንኩ ወጥቼ፣
ይኸው በስተርጅናዬ
ከሁለት መኪና ፊት ቆምኩ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ።

ጠባሴ፣ የናሁሰናይ ግቢ፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥር
አንዷ ነጭ፣ አንዷ ሰማያዊ፣
ገመዳቸው እንደ እትብት ከግድግዳው ሲታሰር።
«ነጯ» አለኝ ልጁ «ባንድ ሙሌት አራት መቶ ኪሎ ሜትር፤
ሰማያዊዋ ሦስት መቶ አትሞላም፣ ጋሼ፣ እውነቱን ለመናገር።»

ቁጥር ግን ሜዳ ላይ ያደገ ልጅ ነው፣ የኛን ውርጭ መች ያውቃል?
በኅዳር ሌሊት የባልዲ ውሃ ሲረጋ ባትሪውም ይሳቀቃል፤
ጫጫ ሳይደርሱ ከተወራው ላይ እፍኝ እፍኝ ይወድቃል።

ስለዚህ ወረድኩባቸው፣ አንዷን ማክሰኞ፣ አንዷን ሐሙስ፣
ከዋሻው አፍ እስከ ደብረ ሲና፣ ጉሙን በመብራት ስዳብስ።
ቁልቁለት ድሮ ፍሬን ነበር የሚበላ፣ ሸራ የሚያጨስ፤
አሁን እግሬን ባነሳሁ ቁጥር
መኪናዋ የበላችውን መልሳ ስትጎርስ፣
ስድሳ ሁለት የነበረው ስድሳ አምስት ሲደርስ!
ገደሉ ከፈለኝ።
ያ ስንቱን አይሱዙ ከነጭነቱ የዋጠ ገደል፣
ተስፋሁንን ከነረዳቱ ያስቀረ ገደል፣
ዛሬ እንደ ባለዕዳ ሳንቲም ሊቆጥርልኝ ሲል
አላመንኩትም።
ግን ተቀበልኩ፣ ከእጁ ጠብ ሲል።

ሽቅቡን ስመለስ ከነወለዱ ወሰደው፣ እንደ አራጣ አበዳሪ፤
ነጯ በአርባ ገባች፣ ሰማያዊዋ በአሥራ ሰባት ቀሪ።

እርግጥ የነጯ ስክሪን ቻይንኛ ብቻ ነው የሚያነበንበው፤
አንድ ቀይ ጽሕፈት ብልጭ ብሎ ልቤን ሲያርበተብተው
ናሁሰናይ በስልኩ ቢተረጉመው
«ክቡር ሆይ፣ በርዎ ክፍት ነው።»
በሩ እውነትም ክፍት ነበር።

«ነጯን» አለ ዮፍታሔ ከአዳማ ደውሎ።
«ነጯን» አሉ የባጃጅ ልጆች፣ አንዱ ጎማዋን በእግሩ ነካ አድርጎ።
እኔም ነጯን። ቀብዱ በፌስታል ተጠቅልሎ
ከትራሴ ሥር ነበር።

ወርቅያንጥፉ ግን መብራቱን ሳታጠፋ ቁጭ ብላ፦
«አንተ በመሪ፣ እኔ በጆሮ ነው የነዳሁት፣ ያን ሁሉ ዘመን።
ሥላሴ መታጠፊያው ጋ ማርሽ ስትቀንስ
ያን የመኪናህን ሳል ከሌላው ለይቼ፣
እሱን ስሰማ ነበር መቀነቴን የምፈታው።
እነዚህ ድመቶች ናቸው።
መምጣትህን በምን ላውቀው?»

«ስልክ እደውላለሁ» አልኳት።
«ስልክማ ገደል ውስጥም ይጮኻል» አለችኝ።

ቅዳሜ ሁለቱንም ሰፈር ድረስ አስመጣሁ።
እሷ በሩን ዘግታ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ምስር ትለቅማለች።
በነጯ አንዴ አለፍኩ። ሁለቴ። ሦስቴ።
«ኧረ መቼ ነው የምትጀምሩት?» ትላለች።

ከዚያ በሰማያዊዋ፣ በቀስታ፣ በእግር መንገድ ፍጥነት።
ከአፍንጫዋ ሥር የሆነ ቀጭን ነገር ወጣ፣
በጠርሙስ አንገት ላይ እንደሚነፋ ትንፋሽ ዓይነት።
ናሁሰናይ አፈረ፦ «ለእግረኛ ተብሎ የተገጠመ ነው፣
ካስጠላዎት ይነቀላል።»
«አሁን!» አለች ከውስጥ።
ዞሬ ተመለስኩ።
«አሁን!»
ምስሩ ሲበተን ከደጅ ተሰማ።

መቶ ኪሎ ሜትር ጣልኩ እንግዲህ። ዮፍታሔ እስካሁን ይቆጨዋል።
ሸዋ ሮቢት ስወርድ ሆቴል በር ላይ ሰክቼ
ሁለት ሰዓት እጠብቃለሁ፤ መብራት ከጠፋም አራት ይሆናል።
ይሁን።

አንድ ነገር ብቻ ተምሬያለሁ፦
ከሃያ በላይ ከነዳኋት ማፏጨቷን ትተዋለች።
ስለዚህ ሥላሴ መታጠፊያው ጋ፣ መንገዱ ጭር ቢልም፣
ከኋላዬ ያለው ሲኖትራክ ጥሩምባውን ቢያንባርቅም፣
እግሬን አነሳለሁ።